ማሽኑ ያላወቃት ገበያነሽ

ገበያነሽ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከሐዋሳ ዳር ባለችው ቱላ ከእናቷ ጋር እንሰት ስትፍቅ አደገች፤ ሐዋሳ ከገባች በኋላ ደግሞ የሰው ልብስ በበረኪና ስታጥብ ኖረች። አንድ የማኅበራዊ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እንድትጎበኝ ሲቀጥራት አርባ ዓመት አልፏት ነበር። ዘጠኝ ዓመት በኮንትራት ሠርታ፣ ሁሉም «አይሆንም፣ ተይው» እያላት፣ አምና ቋሚ ሆነች።

ዘንድሮ የአሻራ ማሽን መጣ። የሰው ሀብት ኃላፊው ሽመልስ ማሽኑን በር ላይ አሰቅሎ ሠራተኛውን ሰበሰበ።

«ከዛሬ ጀምሮ ፊርማ የለም! አንዱ ለአንዱ እየፈረመ ነው ይህ ቤት የተበላሸው። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ጣት ብቻ!»

እውነቱን ነበር። ቀድሞ ቤቱ የተኛ ሰው ጓደኛው ፈርሞለት ይውል ነበር።

ማሽኑ የሁሉንም ጣት ተቀበለ፤ የገበያነሽን ግን እምቢ አለ። አውራ ጣቷን ስታስነካው «ፕሊስ ትራይ አጌን» ይላል። ሌባ ጣቷንም እንደዚያው። እንሰቱና በረኪናው የጣቷን መስመር ልጠው ጨርሰውታል።

«ገቢ፣ አሻራሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አለ ከኋላዋ የተሰለፈው የመዝገብ ቤቱ ካሌብ።

«እንዳንተ ያለውን ሸሚዝ ሳጥብ አለቀ።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሽመልስ «ይስተካከላል፣ አንቺ ዝም ብለሽ አስነኪ» አላት። እሷም በየጠዋቱ እያስነካች፣ ማሽኑም እየመለሳት፣ ወደ አረጋውያኖቿ ትሄዳለች።

ወሩ ሲያልቅ ማሽኑ ዝርዝር አወጣ፤ ገበያነሽ ሃያ ሁለት ቀን ቀሪ። ይህን ያህል ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ሰው ይሰናበታል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራ።

«በየቀኑ መጥቻለሁ። ካሌብ ያውቃል» አለች።

«የጓደኛ ምስክርነት አብቅቷል» አለ ሽመልስ። «ማሽን ዘመድ የለውም።»

ገበያነሽ በዚህ ዕድሜዋ ተመልሳ በሰው ደጅ ልብስ አጥባ መኖር አትችልም፤ ወገቧም አይፈቅድላትም። ቀና አለች።

«እንግዲያው እኔንም ካሌብንም አትመኑ። የምጎበኛቸው ሰዎች ቤት ሄዳችሁ ግድግዳውን እዩ።»

«ምን ግድግዳ?»

«ዝርዝርዎን ይያዙና ይምጡ፣ አቶ ሽመልስ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ አልማዝ ብድግ አለች። «መኪናው ቆሟል፤ እንሂድ።»

መጀመሪያ የደረሱት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እማማ ኡሙልኸይር ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ሰኞና ሐሙሱ ሁሉ ራይት ተደርጎበት፣ ከሥሩ ሰዓት ተጽፎበታል። እማማ አንድ ጊዜ የግፊት ኪኒናቸውን መዋጣቸውን ረስተው ደግመው ውጠው ወድቀዋል። ከዚያ ወዲህ ገበያነሽ ሲውጡ አይታ ምልክት ሳታደርግ አትወጣም። ያዘዛት ሰው የለም፤ በየቤቱ የምታደርገው ግን ይህንኑ ነው።

«ቀሪ ነበረች ነው የምትለኝ?» አሉ እማማ ሽመልስን ከእግር እስከ ራሱ እያዩ። «ታዲያ ኪኒኔን ማን አዋጠኝ፣ አንተ ነህ?»

ወይዘሮ አልማዝ ሳቋን ለመደበቅ ወደ በሩ ዞረች።

«ይህ ሐሙስ ለምን ባዶ ሆነ?» አለ ሽመልስ፣ አንድ ነገር ያገኘ መስሎት።

«ፍቼ ነው እኮ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ! አገሩ ሁሉ ጉዱማሌ ሜዳ ወጥቶ ነበር። አንተ የት ነበርክ?»

ሽመልስም እዚያው ጉዱማሌ ነበር። እስክሪብቶውን አወጣና ከዝርዝሩ ላይ ሰኞና ሐሙሶቹን ሰረዘ። ሁለተኛው ቤት ሲደርሱ ማክሰኞና ዓርቦቹን ሰረዘ። ሦስተኛው ቤት ቱላ ነው፤ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ራሳቸው መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርደው ሰጡት። ረቡዖቹም ተሰረዙ። ከሃያ ሁለቱ ቀን አንድም አልተረፈም። ገበያነሽ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች፤ መግባት አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ሽመልስ ክሱ መሰረዙን አነበበ። ወረቀቱን አጥፎ ጉሮሮውን ጠረገ። «የቤት ለቤት ጎብኚዎች ከእንግዲህ አሻራ አያስነኩም። የሥራቸው ማስረጃ የሚቀመጠው በተጎብኚው ቤት ነው። አሠራሩን ገበያነሽ ያሳዩናል።»

ከኋላ ጀምሮ ጭብጨባው ተነሳ። ካሌብ ወንበር ላይ ወጥቶ ነው ያጨበጨበው። ገበያነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች። ዲግሪ ያላቸው ጎብኚዎች ደብተራቸውን ገለጡ። ስለ ኪኒናው፣ ስለ ሰዓቱ፣ ሰውየው ሲውጥ ዓይን ሳይነቅሉ ስለማየት ነገረቻቸው። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ግን አዳራሹን ሞላው።

«አንዴ፣ አንዴ» አለ ሽመልስ ከፊት ወንበር እጁን አንስቶ። «ቀስ ይበሉ፤ እየጻፍኩ ነው።»

እሷም ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀችው።