ምን አጥፍቼ ነው የምወጋው?

አንድን ሕፃን ልጅ ማስከተብና ጥርሱን ማሳከም ታሪክ ይባላል? እኔ እንጃ። በየቀኑ ስንቷ እናት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ ተቀምጣ የጻፈችውን ግን አላየሁም። እኔ ደግሞ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ምናልባት ስለ ትልልቅ ነገር መጻፍ ይሻለኝ ይሆናል። ሆኖም ያንን ጊዜ ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ብቻውን የሚስቅ ሰው ምክንያቱን ቢናገር ይሻላል ብዬ ጀመርኩ።

ልጅቷ የእህቴ ልጅ ናት፤ ያኔ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት። እህቴ የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ለሥራ የምትወጣው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጇን እኛ ቤት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ትተዋታለች። እኛ ማለት እናቴና እኔ ነን። ልጅቷ እናቴን «እማማ»፣ እኔን «ጋሼ» ነው የምትለን። ማክሰኞ ጠዋት ክፍል ስለሌለኝ የልጅቷ ቀጠሮ ሁሉ ማንም ሳይወስን የኔ ሥራ ሆነ።

ቤታችን ውስጥ መርፌ የማይገባበት ነገር አልነበረም። ልጅቷ አልበላም ስትል፣ «ቆይ፣ መርፌ ነው የማስወጋሽ!» ጭቃ ውስጥ ስትገባ፣ «ሐኪሟን ልጥራት?» እናቴም፣ እህቴም፣ እኔም፣ በራችን ላይ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤታችንም ሳትቀር እንዲሁ ነበር የምንላት። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። ክፉ ነገር እያደረግን እንደሆነ ለማናችንም አልታየንም።

በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ ለመዋዕለ ሕፃናት ምዝገባ የክትባት ካርዷ ሲታይ አንድ ያለፋት ክትባት ተገኘ። ማክሰኞ ጠዋት እጇን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድንና ጤና ጣቢያ ሄድን። ሚዛኑን ወዳው ሁለቴ ዘለለችበት። ቁመቷ ሲለካ ደግሞ እንድትረዝም አንገቷን አሰገገች። ከዚያ ክትባት ክፍሉ በር ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ከእናቶች ጋር ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ፣ ከውስጥ የአንድ ሕፃን ለቅሶ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«እየተከተበ ነው።»

«በመርፌ?»

«በመርፌ።»

«ምን አጥፍቶ?»

ወዲያው ነርሷ ስሟን ጠራች። ልጅቷ ከወንበሩ ወርዳ መተላለፊያው መሃል ቆመች። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ጮክ ብላ መናዘዝ ጀመረች።

«ስኳሩን የበላሁት እኔ ነኝ! ድመቷ ላይ ውሃ የደፋሁት እኔ ነኝ! የጋሼን ቻርጀር ጉድጓድ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ!»

ለቻርጀሩ ሁለት ጓደኞቼን ጠርጥሬ ነበር።

«ሌላስ?» አለች ነርሷ ሳቋን እየታገለች።

ልጅቷ አሰበች። የራሷ ጥፋት ሳያልቅባት አልቀረም። «እማማ ደግሞ በጾም ወተት ቀምሳለች! እሷንም ውጓት!»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጇን ስታጠባ የነበረች አንዲት እናት፣ «እሰይ! የሰው ኃጢአት ሁሉ ተሸክማ ነው የመጣችው» ብላ በነጠላዋ ጥግ እንባዋን ጠረገች። አጠገቧ የነበረችው ደግሞ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ትገተራለህ? ቶሎ አስከትባት እንጂ፣ ቀጥሎ ያንተን ነው የምታወጣው!»

ተከተበች። ትንሽ አለቀሰች። ስንመለስ ግን ዳገቱን የወጣችው እየዘለለች ነበር። «አሁን ምንም ጥፋት የለብኝም። አለቀ» አለችኝ። ደስታዋ ደስ ስላለኝ አላረምኳትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጥርስ ቀጠሮ ነበራት። በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ በዚያ በኩል ማኘክ ካቆመች ቆይታለች። ቆሎ ስንቆረጥም ድርሻዋን በጸጥታ ኪሴ ውስጥ ትጨምርልኛለች። ቆሎ እንደሷ የሚወድ ሰው አላውቅምና ይህን ሳይ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚለውን ወንበር ወደደችው። ሐኪሟ «እስቲ አፍሽን ክፈችልኝ፣ የኔ ቆንጆ» ስትላት ግን ከንፈሯን ግጥም አደረገች።

«ምንም አላጠፋሁም» አለች አፏን ሳትከፍት ለመናገር እየሞከረች። «ባለፈው ተወግቻለሁ። ጋሼን ጠይቂው።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «ቤት ውስጥ በመርፌ ታስፈራሯታላችሁ?»

«ትንሽ» አልኩ።

«ትንሽ?» አለች ልጅቷ።

ሐኪሟ መሣሪያዋን አስቀመጠች። «አላስገድዳትም። ከፋሲካ በኋላ አምጣት። ያኔም እምቢ ካለች ግን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ነው የምልካት፤ በማደንዘዣ አስተኝተው ይሠሩላታል። ከዚያ በላይ ማቆየት አይቻልም።»

ይህን ለእህቴ በስልክ ስነግራት፣ «ለአንድ ጥርስ ብለው ልጄን ሊያስተኙብኝ?» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ በመርፌ ማስፈራራት ተከለከለ። በጣም የከበዳት እናቴን ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ የተሰጣ ልብስ ጎትታ ስትጥል «መር...» ብላ ጀመረች፤ እኔን ስታይ «መርካቶ ነው የምልክሽ!» ብላ ጨረሰችው። ልጅቷ «እሺ፣ መቼ?» አለች።

ማስፈራራቱ ቀረ፣ ፍርሃቱ ግን አልቀረም። ስለ ጥርስ በተነሳ ቁጥር አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ቀጠሮው ሲቃረብ እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

የፋሲካ ዕለት እህቴም መጥታ አራታችንም ዶሮ ወጡን ከብበን ተቀመጥን። ልጅቷ ሥጋውን ትታ እንቁላሉን በቀኝ በኩል ቀስ እያለች ታኝካለች። ዓይኗ ግን እናቴ ላይ ነበር።

«እማማ፣ አንቺም ለምንድነው በአንድ በኩል ብቻ የምትበይው?»

እናቴ ማኘኳን አቆመች። «ልማድ ነው።»

«ያምሻል?»

«አርፈሽ ብዪ።»

«አሟታል! ጋሼ፣ እማማንም ጥርሷን አሟታል!»

እውነቷን ነበር። እናቴ ለካ ቅርንፉድ እየነከሰች ያንን ጥርስ ስታባብለው ነው የኖረችው። እኛ በየቀኑ አብረናት እየበላን አላስተዋልንም።

«ታዲያ ለምን አትታከሚም?» አለቻት እህቴ።

እናቴ እንጀራውን በወጡ ደጋግማ አጠቀሰች። «እፈራለኋ» አለች በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መርፌውን።»

ልጅቷ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። ስንት ጊዜ በመርፌ ያስፈራራቻት እማማ! መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ራሷ ነበረች፤ ከዚያ እኛም መያዝ አቃተን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ተነስታ እናቴ ጭን ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ከሄድሽ እኔም እሄዳለሁ» አለቻት።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችንም ሄድን። እናቴ ታክሲው ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ ነበር። ሐኪሟ ከመቀመጫዋ ተነስታ ተቀበለቻት።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ። ማን ይቅደም? እርስዎ ወይስ እሷ?»

«እሷ ትቅደም» አሉ ሁለቱም፣ አንዷ ሌላዋን እያሳየች።

እናቴ ቀደመች። ጥርሱ የሚነቀል ስለነበር ድዷ መጀመሪያ በመርፌ መደንዘዝ ነበረበት። ሐኪሟ መርፌውን አልደበቀችም። «ይሄ ጥርሱ ሲነቀል እንዳያማቸው ነው» ብላ ለልጅቷ አስረዳቻት። እናቴ የወንበሩን መደገፊያ አጥብቃ ጨበጠች። ልጅቷ ከእቅፌ ወረደች፤ ሄዳ የእናቴን ጣቶች አንድ በአንድ ከመደገፊያው አላቀቀችና በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

«አይዞሽ እማማ» አለቻት። «ምንም አላጠፋሽም እኮ። ጥርስሽን ስላመመሽ ነው።»

ሐኪሟ እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልጅቷ ትንሽ አሰብ አድርጋ ጨመረች።

«ወተቱንም እግዜር ትቶልሻል። ጾሙ አልቋል።»

ሐኪሟ ስቃ እስክትጨርስ መጠበቅ ነበረብን።

ተራዋ ሲደርስ ልጅቷ ራሷ ወንበሩ ላይ ወጣች። «እንደዚህ?» ብላ አፏን እስከቻለችው ድረስ ከፈተች። እናቴ ጥጥ እንደነከሰች በተራዋ እጇን ያዘችላት። የልጅቷ ጥርስ ተጠርጎ ተሞላ። መርፌ አላስፈለጋትም፤ ይህን ስትሰማ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።

ሐኪሟ ምሽት ላይ የፈለገችውን ትብላ ብላን ስለነበር፣ አመሻሽ ላይ ቆሎ ቀረበ። ልጅቷ አንድ ጭብጥ አፈሰች፤ ስልኩን ግራ ጉንጯ ላይ አስጠግታ እናቷ እንድትሰማት ቆረጠመችው። እህቴ ከየካ አባዶ፣ «እስቲ ድገሚልኝ» ስትል ይሰማኛል። ደገመችላት። ጥርስ የተነቀለበት ድዷ ገና ያልዳነላት እናቴ ድርሻዋን በጸጥታ ኪሴ ውስጥ ጨመረችልኝ። ያ ማክሰኞ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።