ቀድሞ የበላው ሽማግሌ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። የማልረሳው ደግሞ እስከ ዛሬ መዘዙ ስላልለቀቀኝ ነው። ለሰው ሳወራው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ "ወላሂ በል" ይለኛል። ወላሂ።

ሙሄ እባላለሁ። ጅዳ ውስጥ የጂብስ ሠራተኛ ነኝ፤ የቤት ጣሪያ አስጌጣለሁ። የምኖረው ሐበሻ የበዛበት ሸረፊያ ሰፈር ነው። ሸረፊያ ውስጥ ሆድ አይቸገርም፤ እንጀራ ካማረህ ሁለት መንገድ መሻገር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን ሥራ ያገኘሁት ሐምዳኒያ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ያለ፣ ትናንት አሸዋ የነበረ፣ ዛሬ በየሳምንቱ አዲስ ሕንፃ የሚቆምበት ሰፈር።

አዲስ ሰፈር ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ካፌ ነው። ከምሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት ብቻ አራት ነበሩ። አንድ ቀን አንዱ ጋ ገባሁ። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወንበሩም ሲሚንቶ ነው። ሥራው ያላለቀ መስሎኝ ጣሪያውን ሳጠና አስተናጋጁ መጣና የሀገሬን ቡና በበረዶ አድርጎ በመስታወት ብልቃጥ አቀረበልኝ። ከጎኑ ቡናው የበቀለበት ተራራ ስንት ሜትር ከፍታ እንዳለው የሚናገር ካርድ አስቀመጠ። ቡናው ይኮመጥጣል። ካርዱን አገላብጬ አይቼ ቡናውን ትቼው ወጣሁ።

የቀረው ሩዝ ነው። ሩዝ በዶሮ፣ ሩዝ በሥጋ፣ ሩዝ በሌላ ሩዝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሩዝ በላሁ። እኔ ደግሞ ሲርበኝ ጠባዬ ይበላሻል፤ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ስለሚያውቁ ከዙህር ሶላት በኋላ አያናግሩኝም።

በመጨረሻ አሊ የሚባል ቀለም ቀቢ ጓደኛዬ አዘነልኝና በስልክ ድምፅ ላከልኝ። "ስማ ሙሄ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ተከፍቷል። ከመስጂዱ ጀርባ፣ ክሬም ቀለም ያለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ጽሑፍ ምናምን የለውም። በሩ ላይ ጫማ በዝቶ ካየህ እሱ ነው፤ ዝም ብለህ ግባ።"

እዚህ አገር ያልኖረ ሰው ይህን አድራሻ ሰምቶ ይስቅ ይሆናል። እኛ ግን የምንበላው እንዲህ ነው። ሐበሻ መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ያበስላል፣ ማስታወቂያ አይሰቅልም፣ ምልክቱ ጫማ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በጫማ እየተመራሁ በልቻለሁ፤ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

ዕለቱ ጁምዓ ነው። የምንሠራለት ቤት ባለቤት እንግዳ አለብኝ ብሎ ስላስቸኮለን ጠዋት የሳሎኑን ጣሪያ ስናለሰልስ ቆየን። ከዚያ ታጥቤ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሼ ሰገድኩ። ጂብስ የምናለሰልስበት ነጭ ቅባት ግን በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ጺሜ ላይ ደርቆ ሽበት መስሏል። ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት።

ከመስጂዱ ጀርባ ስሄድ ሕንፃው ሁሉ ክሬም ነው። የመጀመሪያው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ደጃፉ ላይ አሥር ጥንድ የሚሆን ጫማ ተደርድሯል። የወጥ ሽታ ደረጃው ድረስ ይመጣል። አልሐምዱሊላህ አልኩና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት አገኘሁ። በኋላ እንደሰማሁት እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። ሻሻቸውን እያስተካከሉ ነበር።

"እናቴ፣ ዛሬ ምን አላችሁ? ቅቅል ካለ አንድ ሙሉ፣ ቃሪያ ይብዛበት" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ጺሜን አዩ፣ ጂብስ ያልለቀቀውን እግሬን አዩ። 

"ሂሳቡን አሁን ልስጥ?" አልኩ።

"በኋላ ትከፍላለህ፤ ግባ" አሉኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ስድስት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ሦስቱ በሌላው። ማንም አይናገርም። እኔ ሁሉም ምግብ የሚጠብቁ መሰለኝ። አሰላሙ ዐለይኩም ብዬ መሀል ላይ ዘርፈጥ አልኩ። ሁሉም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ተቀበሉኝ። ምን ዓይነት ጨዋ ደንበኞች ናቸው ብዬ ተገረምኩ።

ከአጠገቤ ያሉት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ ኑርዬ። ከመካ፣ ጀርወል ከሚባል ሰፈር እንደመጡ ነገሩኝ።

"ለምሳ ከመካ ድረስ?" አልኩ።

"ምን እናድርግ፣ ጉዳይ ነው። ይኸው ሦስተኛ ጊዜያችን" አሉኝ ቀስ ብለው።

"እና ቤቱ እንዴት ነው?"

"እስካሁን እህል አልቀመስንበትም።"

ደሜ ፈላ። ሦስት ጊዜ ከመካ መጥተው ሳይበሉ ተመልሰዋል! "ይሄማ ግፍ ነው! አላህን የማይፈሩ ናቸው እንዴ?" አልኩ ጮክ ብዬ። ሐጂ ኑርዬ ፊታቸው በራ፤ እጄን ጨበጡኝ። ከፊት ለፊታችን የተቀመጡት ቀጭን፣ ኮስታራ ሰውዬ ግን በዓይናቸው ሊውጡኝ ደረሱ። ሼፉ መሆን አለበት አልኩ በልቤ።

ወዲያው እትዬ ዘይነባ ሰፊ ትሪ ይዘው ገቡ። እንጀራው ላይ የበግ ቅቅል፣ አልጫ፣ ስልስ፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ። እኔ ፊት አስቀመጡት። ከእኔ በፊት ለመጡት ይቅረብ ብዬ ወደ ሐጂ ኑርዬ ገፋሁት፤ ሽማግሌው እሳት እንደቀረበባቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። ወደ ኮስታራው ሰውዬ ገፋሁት፤ እሳቸውም አልነኩም። ሰው ሁሉ አንዴ ትሪውን፣ አንዴ እኔን ያያል።

እንግዲህ ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሩዝ የበላ ሰው ይፍረደኝ። ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየሁ፣ ቃሪያውን እየገመጥኩ፣ አንገቴን እንደደፋሁ ትሪውን አጋመስኩት። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ማኘክ ሌላ የሚሰማው የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

ኮስታራው ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ይመር ይባላሉ፤ የቤቱ አባወራ ናቸው።

"ሐጂ ኑርዬ" አሉ፣ "ሁለት ጊዜ መጥታችሁ ሁለት ጊዜ መልሻችኋለሁ። ዛሬ ሦስተኛችሁ ነው። ልጃችሁ ጀማል ክፉ ልጅ ነው አላልኩም። ግን ሆቴል በር ላይ የሰው ሻንጣ ለሚያነሳ ልጅ ሀያትን አልሰጥም። ደሴ ያለው ነጋዴ ጠይቆኛል፤ ለእሱ ልልካት ነው። ይህንን የመጨረሻ መልሴን ልሰጣችሁ ስዘጋጅ፣ እናንተ እሺ ሳልላችሁ እህል ትበሉ ጀመር? ሽማግሌ መቼ ነው ሳይፈቀድለት የሚበላው?"

አፌ ያደረስኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት።

ምግብ ቤት አይደለም። ሰው ቤት ነው። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ የመጣበት ቤት። የሴት ወገን እኔን የወንድ ሽማግሌ አድርጎኛል፤ የወንድ ወገን ደግሞ የልጅቷ አጎት። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ሳይፈጸም እህል እንደማይቀምስ ወሎ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ያን ሁሉ ሰው ጾሙን አስቀምጬ በግ ስበላ ቆይቻለሁ!

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እውነቱን ተናግሬ፣ ይቅርታ ጠይቄ ልወጣ ወሰንኩ። "እኔ እንኳ..." ብዬ ስጀምር እትዬ ዘይነባ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ አንድ ጭልፋ ቅቅል ጨመሩልኝ። "በሞቴ ብላ" አሉ። የእናት "በሞቴ" እምቢ አይባልም፤ ጎረስኩ። ዋጥኩና "የለም፣ እኔ እኮ..." ስል ሌላ ጭልፋ። "በሞቴ አልኩህ!"

በዚህ መሀል ከመጋረጃው ኋላ የሴት ልጅ ሹክሹክታ መጣ። ሀያት ናት፤ ጅዳ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ንግግሯ ግማሹ ዐረብኛ ነው። "ያ ዓሚ" አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ "አላህ ይኸሊክ፣ አላህ ያቆይህ፣ ምንም አትበል። ብላ ብቻ።" ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ። አፌን ከፍቼ ብናገር ይህቺ ልጅ አይታው ወደማታውቅ ሰው ልትላክ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ውሸታም ነኝ። 

ጋሽ ይመር ሐጂ ኑርዬን አፈጠጡባቸው። "ይህ ሰው የእናንተ ነው ወይስ አይደለም?"

ሐጂ ኑርዬ ዞረው አዩኝ። እንደማያውቁኝ አወቅሁባቸው፤ እሳቸውም እንዳወቅሁ አወቁ። መቁጠሪያቸውን ሁለት ፍሬ አንከባለሉ።

"ጋሽ ይመር" አሉ በጣም ረጋ ብለው፣ "ስኳር ያለበት ሰው የምግብ ሰዓቱ ካለፈ ይወድቃል። እርስዎ ቤት ሰው ቢወድቅ ደስ ይልዎታል?"

ሁሉም በኀዘን አዩኝ። እኔም ሳላስበው የታመመ ሰው ፊት ይዤ ተገኘሁ።

ጋሽ ይመር ግራ ገባቸው። ሰውየው የሚታወቁት በወግ አጥባቂነታቸው ነው። በሩ ጋ የቆሙትን ሚስታቸውን አዩ፣ ትሪውን አዩ፣ የተጋጠውን አጥንት አዩ። "አባቴ ሽማግሌ ቤቱ እህል ከበላ በኋላ እምቢ ብሎ አያውቅም" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። "በእኔ ቤትም አይሆንም። ኻላስ፣ በቃ፤ ሰጥቻለሁ። ፋቲሃ እናድርግ።"

እጃችንን ዘረጋን። የእኔ ወጥ በወጥ ነው። ከመጋረጃው ኋላ እልልታ ወጣና ጎረቤት እንዳይሰማ ወዲያው ታፈነ። ሻይ መጣ። ለሁሉም ስኳር ተደረገ፤ ለእኔ ያለ ስኳር።

ደረጃውን ስንወርድ ሐጂ ኑርዬን "እንዴት በጁምዓ ቀን ይዋሻሉ?" አልኳቸው። ቆጣ አሉ። "እኔ መች ዋሸሁ? ስኳር ያለበት ሰው ይወድቃል ነው ያልኩት። አይወድቅም?" ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝና ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ሠርጉ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ተጠራሁ። ያን ቀን ጺሜን በደንብ ታጥቤ ነበር። ጋሽ ይመር ትክ ብለው አዩኝና "ሒናው ወጣት አድርጎዎታል" አሉኝ። እኔ እኮ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሚስትም የለኝም።

እትዬ ዘይነባን ጥግ ላይ አግኝቼ አውፍ ይበሉኝ፣ እኔ ያን ቀን ምግብ ቤት መስሎኝ ነው አልኳቸው። ሳቁ። "ልጄ፣ ሂሳቡን አሁን ልስጥ የሚል ሽማግሌ የት አለ? በር ላይ አውቄሃለሁ። ይመርን ደግሞ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ከገባህ በኋላ እንዳትበላ ብቻ ነበር የፈራሁት።" እኔ እንዳልበላ! በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ተሳስቶብኝ አያውቅም።

እውነተኛው ምግብ ቤት ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ላይ ነበር። በኋላ ሄጄ በልቻለሁ፤ ሥጋው ጎማ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሐምዳኒያ ውስጥ የት ልብላ ሲለኝ፣ ካፌዎቹን እለፋቸው፣ ጫማ ካየህ ግን መጀመሪያ አንኳኳ እለዋለሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያለፈው ጁምዓ ነው። ጋሽ ይመር ደወሉልኝ። "ሀያት ከባሏ ተኳርፋ መጥታለች። ያጋቧት እርስዎ ነዎት፤ ይምጡና ያስታርቁ።" እምቢ ልል አልቻልኩም። ሄድኩ። ጀማል ከመካ መጥቶ አንገቱን ደፍቷል፤ ሀያት ግድግዳ ታያለች። እትዬ ዘይነባ ያንኑ ትሪ፣ ያንኑ ቅቅል አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

ጠዋት አልበላሁም ነበር።  ግን ያን ቀን ያለአግባብ የበላሁት ትዝ አለኝ፤ አፈርኩ። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እስክትታረቁ አልቀምስም አልኩ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። የቅቅሉ ስብ ረጋ። ሆዴ ሲጮህ ሁሉም ሰማው።

"ያ ዓሚ፣ ስኳርህስ? ትወድቃለህ እኮ" አለች ሀያት።

"ልውደቅ" አልኩ።

ጀማል መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እሷም ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች። "ኻላስ፣ ታርቀናል። በአላህ ብላ በቃ!"

እትዬ ዘይነባን አየኋቸው። በኋላ ትከፍላለህ ያሉኝ ይህንን ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተርቤም፣ ደስ ብሎኝም አላውቅም። ቢስሚላህ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ ይመር ራሳቸው ሻይ ቀዱልኝ፣ ያለ ስኳር።