ከዘሩ ጋር የመረግናቸው ደብተሮች

በዚያ ቀን ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። እኔ ነበርኩ። ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ፣ ሳሙናና ሽቶ በኮንትሮባንድ ስታመጣ የተያዘች አንዲት የበርታ ነጋዴ ነበረች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትተኛ፣ ከማንም ጋር የማትነጋገር ወጣት መምህርት ነበረች። በር ላይ አንዲት ፖሊስ፣ ጠረጴዛው ጋ መርማሪው ነበሩ። ስድስተኛዋ ጓደኛዬ ናት። እሷ እስረኛ አልነበረችም። በእግሯ መጥታ በእግሯ ተመለሰች።

እኔ አሶሳ አጠገብ በሰፈራ መንደር የምኖር ገበሬ ነኝ። ከወሎ ስንመጣ ገና የምታዘል ልጅ ነበርኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው።

የያዙኝ ጠዋት ደጅ ቁጭ ብዬ ለዘር የሚሆን ኦቾሎኒ ስፈለፍል ነበር። ሦስት ሰዎች መጡ። ቤቱን አልፈተሹም። ሣጥን አልከፈቱም፤ ፍራሽ አላነሱም። ቀጥ ብለው ወደ ዘር ጎተራው ሄዱና የተመረገውን ክዳን ሰበሩት። ማሽላውን በክንዳቸው ገፍተው በፌስታል የተጠቀለሉ ሦስት ደብተሮች አወጡ። መፈልፈሌን ያቆምኩት ያኔ ነው። ደብተሮቹን ፈርቼ አይደለም። ያን ቦታ ከእኔ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ደብተሮቹ የልጄ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእስያ ሕዝቦችን ቋንቋ፣ ባህል፣ ሃይማኖትና ፍልስፍና ታጠናለች። እኔ ነርስ እንድትሆንልኝ ነበር የምፈልገው። በአንዱ ደብተር የቻይንኛ ጽሕፈት አለ፤ አንዱን ቃል ገጹ እስኪሞላ እየደጋገመች ጽፋዋለች። በሁለተኛው የሕንዶች ፊደል አለ፤ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ከላይኛው መስመር ተንጠልጥሎ የሚወርድ። ሦስተኛው በአማርኛ ነው፤ የጥንት ሊቆቻቸው ስለ መከራ፣ ስለ ምኞት፣ ስለ ሞት ያስተማሩትን የያዘ። ለዕረፍት መጥታ ስትመለስ፣ «እማ፣ አደራ፣ እነዚህን ጠብቂልኝ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ ይፈለጋሉ» አለችኝ።

በእኛ ሀገር ወረቀት መጠበቅ ማለት ከምስጥ መጠበቅ ማለት ነው። ምስጥ በአንድ ክረምት ሣጥኑን ከእነ ልብሱ አፈር ያደርገዋል። ዘር ጎተራ ግን ድንጋይ ላይ ይቆማል፣ ሥሩ አመድ ይነሰነስበታል፣ አፉ በጭቃና በእበት ተመርጎ እስከ መዝሪያ አይከፈትም። ስለዚህ ደብተሮቹን ተባይ ከሚያባርረው ከኒም ቅጠል ጋር ጠቅልዬ ማሽላው ውስጥ ቀበርኳቸው። እኔ ስመርግ ክዳኑን የያዘችልኝ ጓደኛዬ ናት። እሷ ልጄን ጡት ያጠባቻት ሴት ናት። በወለድኩ በሳምንቱ ታምሜ ስተኛ፣ የራሷን ልጅ በአንድ ጎን፣ የእኔን በሌላ ጎን ይዛ አሳደገችልኝ። ልጄ «አክስቴ» ነው የምትላት።

የታሰርንበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከበላዩ ማንጎ ዛፍ አለ። ፍሬው በወደቀ ቁጥር እዘላለሁ።

«ማንጎ ነው» አለችኝ የኩርሙኳ ሴት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «ምን ትፈራለህ? ማንጎ ሰው አያስርም።»

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ከሌላ ክልል በቅርቡ የተመደበ፣ ትሑት የሚመስል ወጣት ነው።

«ማዘር፣ ይሄ የምን ምስጢር ጽሑፍ ነው?»

«የትምህርት ነው፣ ጌታዬ።»

«ትምህርት ከሆነ ጎተራ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ምስጥ እንዳይበላው ነው።»

ሳቀ። «የእናንተ ምስጥ ደግሞ ቻይንኛ ያነባል?»

የአማርኛውን ደብተር ገለጠ። «እሺ፣ ስለ መከራ መማር ለምን አስፈለጋት?»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ፈተና ላይ ይመጣል አለችኝ።»

በር ላይ ያለችው ፖሊስ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። እሱ ግን አልሳቀም። ልጄ ራሷ መጥታ ታስረዳ አለ። ስልክ ደውዬ ታምሜያለሁ እንድላትና እንድጠራት አዘዘኝ፤ ለማሰብ አንድ ሰዓት ሰጠኝ።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ለኩርሙኳ ሴት ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «ወላሂ፣ እህቴ፣ አንተ ብቻህን ስትታሰር አንድ ነህ» አለችኝ። «ልጅ ከመጣ ሁለት ነው። ይሄ ሂሳብ ከባድ ነው?»

ዕድሜዬን ሙሉ ፈሪ ነኝ። ቀበሌ ፈርሚ ሲለኝ ሳላነብ ፈርማለሁ። ልጄ ታክሲ ውስጥ ናት ብዬ እንቅልፍ የማጣ ሴት ነኝ።

እንደገና ሲያስገቡኝ ጓደኛዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባዋለች። እኔን አላየችኝም።

«እዚህ አገር ሰው ወረቀቱን ጎተራ ውስጥ ያስቀምጣል?» ሲል መርማሪው ጠየቃት።

«እኔ እንጃ» አለች። «የእኔ ሣጥን ውስጥ ነው።»

የእሷ የመሬት ደብተር ሁለት ክረምት በእኔ ጎተራ ከርሟል። አፌ ላይ መጣ። ብናገር እሷንም ያቆዩዋት ይሆናል ብዬ ዋጥኩት።

መርማሪው ደውሎ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። ልጄ አነሳች።

«ሃሎ? እማ! የማን ስልክ ነው? ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ደህና ነኝ።»

«አክስቴስ? ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ። «እዚሁ አጠገቤ ናት። ስሚኝ፣ እኔ አልታመምኩም። ማንም ታመመች ቢልሽ እንዳትመጪ። ትምህርትሽን ጨርሺ።»

ስልኩን ነጠቀኝ። ጓደኛዬ ተነስታ ወጣች። ማንም ውጪ አላላትም፣ ማንም ቁሚ አላላትም።

ከዚያ በኋላ የቆየሁትን አልቆጥረውም። ስፈታ የዘር ጊዜ አልፎ ነበር። የተከፈተውን ማሽላ ዶሮና ነቀዝ ጨርሶት መሬቴ ያን ዓመት ጦሙን አደረ። ደብተሮቹን አልመለሱልኝም። ልጄ ከጓደኞቿ እየለመነች እንደገና ጽፋቸው ተመረቀች።

የጓደኛዬን ቤት ተዘግቶ አገኘሁት። ከእኔ ቀደም ብሎ ታስሮ የነበረው ትልቁ ልጇ እኔ በተያዝኩበት ሳምንት መፈታቱን ጎረቤት ነገረኝ። እሱን አስቤ ልቤ ሊራራ ይልና፣ «እኔ እንጃ» ያለችበት ድምፅ ይመጣብኛል። ወደ እኔ ብትመጣ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አብረን እናለቅስ ነበር ይሆናል። አልመጣችም።

ማን እንደጠቆመኝ ለልጄ አልነገርኳትም። በደወለች ቁጥር «አክስቴስ?» ትለኛለች። ደህና ናት እላታለሁ።

አንዳንዱ ወደ ግልገል በለስ ሄዳለች ይላል፣ አንዳንዱ ባምባሲ አየናት ይላል። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ስትሄድ ትንሽ የምታነክስ ሴት ናት። ያያት ሰው ካለ በሕይወት መኖሯን ይንገረኝ።