የጫልቱን ፊት ያደበዘዝንበት ፊልም

አምቦ ውስጥ ፊልም የሚሠራ ቪዲዮ ቤት በተቀጠርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ደሬሳ ኮምፒውተሩን እንኳ አላስነኩኝም። «አውራ ጣትሽን ዓይንሽ ፊት አድርጊና እሱን ብቻ እዪ» አሉኝ። አየሁ። «ከኋላው ያለሁት እኔስ?» አሉ።

«ደብዝዘዋል» አልኳቸው።

«በቃ፣ ሥራሽ እሱ ነው።»

ካሜራ ይህን በሌንሱ ያደርገዋል። በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ግን ቅርቡም ሩቁም እኩል ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ውሸት ይመስላል። ስለዚህ ርቀቱን ብቻ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል እናወጣለን፤ ቅርቡ ነጭ፣ ሩቁ ጥቁር። ፕሮግራሙ ጥቁር ያየበትን ያደበዝዛል። መሀል ላይ መብራት ከሄደ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ስንቴ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው!

አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ጀልባ አደጋ አጭር የአኒሜሽን ፊልም አዘዘን። ወንጪ ሐይቅ ላይ ልጃቸው ጫልቱ የሰጠመችባቸው ኦቦ ገመቹ ይህን ሰምተው ከመንደራቸው ከሐሮ ወንጪ መጡ። የተማሪ መታወቂያዋን ሰጡኝ፤ ሌላ ፎቶ የላትም። «እናቷ ፊቷ ጠፋብኝ እያለች ታለቅሳለች። ማሎ፣ እባክሽ፣ ፊልሙ ላይ በደንብ አውጪልኝ» አሉ።

አወጣኋት። ግንባሯ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንኳ አልተውኩም።

ያዘዘን ሰውዬ አይቶ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄማ ሰው ያስደነግጣል። ከፊት ያለው መንሳፈፊያ ጃኬት ጥርት ይበል፣ ልጅቷን አደብዝዟት።»

«አባትየው መታወቂያዋን የሰጡን እኮ እንድትታይ ነው» አልኩ።

ጋሽ ደሬሳ ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ ባለ ፊልሙ እሱ ነው፤ አርፈሽ ሥሪ!»

ንድድ አለኝ። ሠራሁት። አምሮም ወጣ፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ፊልሙ ሐሮ ወንጪ ትምህርት ቤት በቴሌቪዥን ታየ። ኦቦ ገመቹና ባለቤታቸው ከፊት፣ እኔና ጋሽ ደሬሳ ከጎን ተቀምጠናል። ጫልቱ ከጃኬቱ ኋላ ስትመጣ ኦቦ ገመቹ ብድግ ብለው በጋቢያቸው ጫፍ የቴሌቪዥኑን መስታወት ጠረጉ። ራቅ ብለው አዩ። ተመልሰው ጠረጉ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

«ኦቦ ገመቹ፣ አቧራ አይደለም» አልኳቸው። «እኛ ነን እንዲህ ያደረግናት።»

ጋቢያቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ለምን?» አሉኝ። ወደ ጋሽ ደሬሳ ዞርኩ። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ይተዉት» አሉ እናትየው ከተቀመጡበት። «እኔም አሁን የምትታየኝ እንዲሁ ነው።»

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው። በኮምፒውተር ፊልም ውስጥ በራሱ የሚደበዝዝ ነገር የለም፤ ሰው ወስኖ ነው። አደብዝዙ ከተባላችሁ፣ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ሄዳችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ።