እኔ ያልሰማሁት የጋሼ ነስሩ ምስጋና

«ልቀጥርሽ ፈልጌ ነበር፤ ጋሼ ነስሩ ግን በጣም አመሰገኑሽ።»

ይህን ያሉኝ ሲኒማ ራስ ጋ መጋረጃ የሚያከፋፍሉት እትዬ ዘነበች ናቸው። ያመለከትኩት ሥራ የት ደረሰ ብዬ ልጠይቃቸው ዛሬ በምሳ ሰዓት ሄጄ ነበር።

ጋሼ ነስሩ መርካቶ ሰባተኛ ባለው የመጋረጃ ሱቅ አሠሪዬ ናቸው። ይኸው ስንት ዓመት ስሠራላቸው አንድ ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። ሌላ ሥራ የፈለግኩትም ለዚሁ ነው።

መርካቶ መቼም ሰው ከመቀጠሩ በፊት አሠሪው ይጠየቃል። እትዬ ደውለው ሲጠይቋቸው «ሱቁን የያዘችው እሷ ናት፤ እሷ ከሄደች እኔም ዘግቼ ቤቴ መግባቴ ነው» ብለዋቸዋል።

«ታዲያ እንዴት ብዬ ልውሰድሽ? ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አሉኝ እትዬ። ቦታውን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል።

በሕይወቴ እንደዚህ ያመሰገነኝ ሰው የለም፤ እንደዚህ የጎዳኝም።

ሱቅ ስመለስ ጋሼ ነስሩ ቀና ብለው አዩኝ። የት እንደነበርኩ ያውቃሉ። አሁን እንኳን ይናገሩ ይሆናል ብዬ ቆምኩ።

«ደንበኛ እየጠበቀሽ ነው» አሉኝ።

ለእትዬ የተናገሩትን ያቺን ቃል ለእኔ ቢነግሩኝ ኖሮ መጀመሪያውኑ የትም አልሄድም ነበር።

እስቲ ንገሩኝ፣ ምስጋናችሁ ሌላ ሰው ጋ የቀረባችሁ አላችሁ?