ፓስቲ የበላው ኮሚቴ

በደርግ ጊዜ አዳማ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። 

ማኅበሩ ትንንሽ ነጋዴ ሴቶችን አሠልጥኖ፣ ጎበዝ ለተባሉት የዱቄትና የዘይት መግዣ ሊያበድር ተነሣ። አሠልጣኙ ሊጥ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ካድሬ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ጧት ጧት፣ ልክ ገበያቸው በሚደራበት ሰዓት አዳራሽ አስቀምጦ ለፈለፈባቸው። ከሁሉ የሚወዳት ትምህርት አንዲት ነበረች፤ ለሽያጭ ያዘጋጃችሁትን ለዘመድም ለጎረቤትም በነፃ እንዳትሰጡ።

ከሠልጣኞቹ አንዷ መነኻሪያው በር ላይ ፓስቲ የምትጠብስ፣ ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። ብድሩን ካላገኘች ምድጃዋን አጥፍታ ሰው ቤት ልትቀጠር እንደሆነ ነግራኛለች። ስለዚህ አሠልጣኙ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበርና እኔ ያለንበት ኮሚቴ ሥራዋን ሊያይ ቤቷ በሚሄድበት ቀን የቀራትን ዱቄት ሁሉ አቡክታ፣ አንድ ትሪ ሙሉ ጠብሳ ጠበቀችን።

ቤቷ የገባ እንግዳ ደግሞ እንዴት ባዶ አፉን ይወጣል? «በሞቴ ጓድ፣ ይችን ብቻ» ትላለች። ጓድ አሠልጣኝ አንዴም «ይበቃኛል» ሳይል ይጎርሳል። የተረፈውን ሊቀመንበሯ ለራሷ ልጆች በጋዜጣ አስጠቀለለች። እኔም ሦስት በልቻለሁ።

ከበሩ እንደወጣን አሠልጣኙ የከንፈሩን ዘይት በመሐረብ እየጠረገ አስጻፈኝ፦ «ሥልጠናውን በተግባር አላዋለችም። ለሽያጭ ያዘጋጀችውን በነፃ ታድላለች። ብድር አይገባትም።»

የሚቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። አልሳቀም። ሊቀመንበሯም ጥቅሏን በብብቷ እንደያዘች «ልክ ነው» አለች። ጻፍኩ። ጣቴ ቅባታም ስለነበረ ወረቀቱን አቆሸሸው። አስጠላችኝ፣ ያች እኔ።

ብድር የተፈቀደላቸው ስም ዝርዝር ሲለጠፍ የእሷ የለበትም። በማግስቱ ቢሮዬ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በሰደበችኝ። ከነጠላዋ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ዱቄቱን ከማን እንደለመነች እንጃ።

«ያን ቀን አንሶባችሁ ነው መሰለኝ፣ ልጄ» አለች። «ይኼን ለጓድ ስጭልኝና እንደገና ይዩልኝ።»

«እሺ» አልኳት። ፓስቲውን ወስጄ ለአሠልጣኙ ሰጠሁት። በቆመበት በላው፤ ማን እንደላከለት እንኳ አልጠየቀኝም።