የማኅበር አድራሻዬ ቴሌግራም ላይ

ዛሬ ጠዋት አንድ የቴሌግራም ቻናል ስሜን፣ ስልኬንና የግቢዬን በር ፎቶ «ባንዳዋን እወቋት» ብሎ ለጥፎ አገኘሁት።

ጥፋቴ ሰውን በዘሩ ማሳደድ ነውር ነው ብዬ እዚህ መጻፌ ነው።

አድራሻዬም አለ፦ «ግሽ አባይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ማንጎ ያለበት አረንጓዴ በር። ውሻው አይናከስም፣ ግቡ።»

(የውሻዬን ገመና ሳይቀር አወጡት።)

ክው አልሁ። ቃሉ የራሴ ነው። ባለፈው ወር የማርያም ማኅበር ተረኛ ስሆን ለማኅበርተኞቼ በግሩፓችን የላክሁት ነው።

ለትልቋ ማኅበርተኛችን ለእትዬ ጥሩ ደወልሁ። «ልጄ፣ ዝም በይ፤ ማኅበሩ እንዳይፈርስ» አሉኝ።

በሃያ አንድ እሳቸው ቤት ነን። ጽዋውን የምታቀብለኝ እጅ የጠቆመችኝ እጅ ትሁን አትሁን አላውቅም።

እንዲህ የደረሰባችሁ እስኪ ጻፉልኝ። ሰፈራችሁን ግን እንዳትጠቅሱ።